አየር የማይደርስባቸው ቁስሎች

በሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ፣ ለጀማሪ ባለሙያ ግን እንቆቅልሽ የሚሆን ነገር አለ። ከአንድ ሕመምተኛ ሆድ የተወሰደ መግል፣ ጥጥ በተጠመጠመበት እንጨት ተነክሮ ይመጣል። ክዳኑ ገና ሲነሣ ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል። ከመግሉ ጥቂት ተወስዶ በመስተዋት ላይ ይቀባና ግራም በተባለው የማቅለሚያ ዘዴ ቀልሞ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ረጅሙም፣ አጭሩም፣ ክቡም፣ ጫፉ የሾለውም ባክቴሪያ ተደባልቆ እንደ ተበተነ ጤፍ ፈስሶ ይገኛል። የቀረው መግል በማሳደጊያ ሳህን ላይ ተሰምሮ የሰው ገላ ያህል ሙቀት ባለው ሣጥን ውስጥ ያድራል። በማግሥቱ ሳህኑ ባዶ ነው። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ባዶ ነው። በመጨረሻም በውጤት መግለጫው ላይ «ባክቴሪያ አላደገም» ተብሎ ይጻፋል፤ ሐኪሙም ወረቀቱን ይዞ ወደ ሕመምተኛው ይመለሳል።

ባክቴሪያው ግን ነበረ። የሞተው ከሕመምተኛው ገላ ወጥቶ ላቦራቶሪ እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ፣ ወይም በሳህኑ ላይ ባደረበት ሌሊት ነው። የገደለውም አንባቢ በዚህች ደቂቃ ሳያስበው ወደ ሳንባው የሚስበው ኦክስጅን ነው። አናኤሮብ የሚባሉት እነዚህ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ባለበት ማደግ አይችሉም፤ ብዙዎቹም ይሞታሉ። በዚህም ምክንያት የሚያስከትሉት ሕመም ከሌላው የባክቴሪያ ሕመም በአመጣጡም፣ በመልኩም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በአታካከሙ ይለያል። ጉዳዩ ብዙና የተወሳሰበ ቢመስልም ወደ አንዲት ጥያቄ ሊሰበሰብ ይችላል፤ ይኸውም አየር እስከ የት ድረስ ደርሷል የሚለው ነው።

የፓስተር ጠብታ

እ.ኤ.አ. በ1861 ሉዊ ፓስተር የቅቤን የመበላሸት ሽታ የሚሰጠው ቡቲሪክ አሲድ በመፍላት እንዴት እንደሚፈጠር ያጠና ነበር። ከሚፈላው ፈሳሽ አንዲት ጠብታ ወስዶ በሁለት ስስ መስተዋቶች መካከል አስገብቶ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ በጠብታዋ መሐል ያሉት ተሕዋስያን ወዲያና ወዲህ ሲንቀሳቀሱ፣ አየር በሚነካው ጠርዝ ላይ ያሉት ግን ደርቀው ቆመው አገኛቸው። እስከዚያ ዘመን ድረስ የታየው የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ ትንፋሽ ፈላጊዎቹ ወደ ጠርዙ ይጎርፋሉ። ፓስተር አየር ወደ መፍያው ዕቃ እንዲገባ ሲያደርግ መፍላቱ ተዳከመ፤ ቆመም። ሕይወት ያለ ኦክስጅን ሊኖር ይችላል የሚለው ሐሳብ በዚያን ጊዜ ለብዙዎች የሚዋጥ አልነበረም። ፓስተር ግን ከሁለት ዓመት በኋላ «ያለ አየር የሚኖር» የሚል ፍቺ ያለውን አናኤሮብ የሚል ስም ከግሪክኛ ቃላት አበጀላቸው።

በእርግጥ ነገሩን ከምድር ታሪክ አንጻር ያየነው እንደሆነ እንግዳዎቹ እኛ ነን። ኦክስጅን በምድር አየር ውስጥ መከማቸት የጀመረው ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሕያዋን ሁሉ ያለ እርሱ ይኖሩ ነበር። ኦክስጅን ሲመጣ እንደ መርዝ ነበር የመጣው። ከፊሎቹ መርዙን ማርከሻ አዘጋጅተው፣ ይባስ ብለውም ለኃይል ማመንጫ ተጠቅመውበት እኛን የመሰሉ ፍጥረቶች ቅድመ አያት ሆኑ። ከፊሎቹ ደግሞ ወደ ጭቃው፣ ወደ ረግረጉ፣ በኋላም ወደ እንስሳት አንጀት ሸሹ።

መርዝነቱ የሚመጣው ከኦክስጅን ሞለኪውል የኤሌክትሮን ረኃብ ነው። በሕዋስ ውስጥ ሲዘዋወር ከዚህም ከዚያም ኤሌክትሮን ይነጥቅና ሱፐርኦክሳይድና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የተባሉ አጥፊ ውሁዶችን ይፈጥራል። እነዚህም በብረትና በድኝ የተገነቡትን የሕዋሱን ፕሮቲኖች ያፈርሳሉ፤ ዲ ኤን ኤውንም ይጎዳሉ። የእኛ ሕዋሳት እነዚህን የሚያከሽፉ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝና ካታሌዝ የተባሉ ኢንዛይሞች አሏቸው። አናኤሮቦች ወይ ፈጽሞ የሏቸውም፣ ወይም ያሏቸው ጥቂት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል፤ አናኤሮቦች ሁሉ እኩል አይደሉም። አንዳንዶቹ አየር ሲነካቸው በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታሉ። ሰውን በማሳመም የታወቁት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ሰዓታት ወይም ለቀናት የሚታገሡት ናቸው። ከአንጀት ወጥቶ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚሻገር ባክቴሪያ በመካከሉ ያለውን አየር የነካው ሥፍራ ማለፍ አለበትና፣ ፈሪው በመንገድ ሲቀር ታጋሹ ይደርሳል።

ጎረቤት ጠላት የሚሆነው መቼ ነው?

በትልቁ አንጀታችን ውስጥ ካለው ይዘት አንድ ግራም ብንወስድ 100 ቢሊዮን ያህል ባክቴሪያ እናገኝበታለን። ከእነዚህም ውስጥ አናኤሮቦቹ ከሌሎቹ ከ100 እስከ 1,000 እጥፍ ይበልጣሉ። በትምህርት ቤት የአንጀት ባክቴሪያ ሲባል ስሙ የሚጠራው ኢ. ኮላይ በዚህ ከተማ ውስጥ አነስተኛ ሰፈር ያለው ነዋሪ ነው። አየር ዘወትር በሚመላለስበት በአፋችን ውስጥ እንኳ በድድና በጥርስ መካከል ያለችው ጠባብ ስንጥቅ የአናኤሮቦች መኖሪያ ናት። በጤና ጊዜ ጠቃሚዎች ናቸው፤ እኛ መፍጨት ያቃተንን የእህል ቅርፊት ይፈጩልናል፣ ለአንጀታችን ግድግዳ ምግብ የሚሆን አሲድ ያዘጋጃሉ፣ ለባዕድ ጀርም ቦታ ይነሣሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ድንበር ሲፈርስ ነው። ትርፍ አንጀት አብጦ ይፈነዳል። ጥይት ወይም ስለት ሆድን ይቀዳል። ከወሊድ ወይም ንጽሕና በጎደለው ሁኔታ ከተፈጸመ ውርጃ በኋላ በማኅፀን ውስጥ የቀረ ቁራጭ ይበሰብሳል። በሥሩ የመገለ ጥርስ መንጋጋን አልፎ ወደ አንገት ይወርዳል፤ አንዳንዴም ወደ አንጎል ይወጣል። ራሱን የሳተ ወይም በመጠጥ የደነዘዘ ሰው ምራቁ ወደ ሳንባው ይፈስና ከሳምንታት በኋላ የሚከረፋ አክታ ያስተፋዋል። ለረጅም ጊዜ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ላይ ሳይታወቀው የወጣች ትንሽ ቁስል ውስጥ ውስጡን ትበላለች። በእነዚህ ሁሉ አንድ የጋራ ነገር አለ፤ ደም መመላለስ ያቆመበት፣ የሞተ ሥጋ ያለበት፣ ኦክስጅን ያለቀበት ኪስ ተፈጥሯል።

ወደዚህ ኪስ የሚገቡት ደግሞ ብቻቸውን አይደለም። አብዛኛው የአናኤሮብ ሕመም የማኅበር ሥራ ነው። እንደ ኢ. ኮላይ ያሉት በኦክስጅንም ያለ ኦክስጅንም መኖር የሚችሉ ባክቴሪያዎች ቀድመው ይሰፍሩና በሥፍራው የተረፈችውን ኦክስጅን ጠጥተው ይጨርሷታል። ያን ጊዜ ለአናኤሮቦቹ ቤቱ ተጠርጎ ተዘጋጀ ማለት ነው።

የአይጦቹ ምስክርነት

ይህ ማኅበር እንዴት እንደሚሠራ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ አድርጎ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የተደረገ ተከታታይ ሙከራ ነው። ዋይንስታይን፣ ኦንደርዶንክ፣ ባርትሌትና ጎርባክ የተባሉ ተመራማሪዎች የአንጀት ይዘትን በካፕሱል አድርገው በአይጦች ሆድ ውስጥ አስቀመጡ፤ የፈነዳ ትርፍ አንጀትን መምሰላቸው ነበር። ሕክምና ካላገኙት አይጦች ከሦስት አንድ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞቱ፤ በደማቸውም ኢ. ኮላይ ተገኘ። የተረፉት ዳኑ ሲባል ግን ከአንድ ሳምንት በኋላ በሁሉም ሆድ ውስጥ መግል የቋጠረ እብጠት ታየ፤ በዚህ መግል ውስጥ የበዙት ደግሞ አናኤሮቦች፣ በተለይም ባክቴሮይዲስ ፍራጂሊስ የተባለው ነበሩ። አንድ በሽታ የመሰለው ነገር ሁለት ምዕራፍ ነበረው ማለት ነው።

ቀጥለው መድኃኒት ሰጡ። ኢ. ኮላይን የሚገድለውን ጄንታማይሲን ብቻ ያገኙት አይጦች የሞቱት እጅግ ጥቂት ሆኑ፤ ነገር ግን ከተረፉት ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ቁጥር መግል ቋጠሩ። አናኤሮቦችን የሚገድለውን ክሊንዳማይሲን ብቻ ያገኙት ደግሞ መግል ከመቋጠር በአብዛኛው ዳኑ፤ በሞት የተቀጡት ግን ምንም እንዳልታከሙት ያህል ነበሩ። ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድነት ያገኙት ከሞቱም ከመግሉም ተጠበቁ። ዛሬ የሆድ ዕቃው የተመረዘ ሰው ሆስፒታል ሲገባ ቢያንስ ሁለቱንም ወገን የሚሸፍን መድኃኒት የሚታዘዝለት ከዚህ የተነሣ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን ሙከራ የሚወድደው በቀላልነቱ ነው፤ በአራት የአይጥ ቡድን የአንድ ዘመን የሕክምና ልማድ ተለወጠ።

ባክቴሮይዲስ ፍራጂሊስ በአንጀት ውስጥ ካሉት አናኤሮቦች በቁጥሩ አነስተኛ ሆኖ ሳለ ከመግል ውስጥ ተለይተው ከሚወጡት ግንባር ቀደሙ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ ኦክስጅንን ከብዙዎቹ ይልቅ ይታገሣል። ሁለተኛ የለበሰው የስኳር ካባ የገላችንን ተከላካይ ሕዋሳት ራሳቸውን አነሣሥቶ በዙሪያው ግንብ ያስገነባቸዋል። መግል የሚቋጥረው እብጠት ይኸው ግንብ ነው። ገላ ጠላቱን ያሰረበት እስር ቤት ይመስላል፤ ለታሳሪው ግን አየርም መድኃኒትም የማይገባበት ምሽግ ይሆንለታል።

በመጀመሪያ ቢላዋ

ከዚህ ተነሥተን ወደ ሕክምናው እንግባ። የተቋጠረ መግል እስካልፈሰሰ፣ የሞተ ሥጋ እስካልተወገደ ድረስ የትኛውም ብርቱ መድኃኒት ብቻውን በቂ አይሆንም። መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው፤ ደም በማይደርስበት ሥፍራ መድኃኒትም አይደርስም።

ይህ ትምህርት በብዙ ደም የተገዛ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በቤልጅየምና በሰሜን ፈረንሳይ የተዋጉት ወታደሮች ይቆስሉ የነበረው ለዘመናት በእንስሳት ፍግ ሲዳብር በኖረ የእርሻ መሬት ላይ ነበር። የጥይትና የቦምብ ፍንጣሪ ጭቃውንና የልብሱን ቁራጭ ይዞ ወደ ጡንቻ ይገባል። ከጭቃው ጋር ዌልችና ነተል እ.ኤ.አ. በ1892 የገለጹት፣ ዛሬ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው አናኤሮብ አብሮ ይገባል። ይህ ባክቴሪያ ሲመቸው በ10 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ የሚያመነጨው መርዝ የሕዋሳትን ሽፋን ያሟሟል፤ የሚለቀው ጋዝ ደግሞ በቆዳ ሥር ይሰራጭና ቁስሉ ሲዳሰስ ይንኮሻኮሻል። ጋዝ ጋንግሪን ይባላል። ማለዳ የታየ እብጠት እስከ ማታ መላውን ጭን ሊወርስ ይችላል።

የኋላው የፔኒሲሊን አባት አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በዚያን ጊዜ በቡሎኝ ከተማ በነበረው የጦር ሆስፒታል ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። ሐኪሞቹ ቁስሉን በፀረ-ጀርም ኬሚካል ያጥባሉ፤ ጋንግሪኑ ግን አይቆምም። ፍሌሚንግ አንድ የመስተዋት ቱቦ አቅልጦ ጎኑን ወደ ውጭ በመሳብ ብዙ ቀጫጭን ቀንዶች አበጀለትና የቦምብ ቁስልን የሚመስል ቅርጽ ሠራ። በባክቴሪያ ሞልቶ በኬሚካሉ ካጠበው በኋላ እንደገና ንጹሕ የማሳደጊያ ፈሳሽ ሲጨምርበት ባክቴሪያው ከቀንዶቹ ጥግ ተነሥቶ ቱቦውን ሞላው። ኬሚካሉ እስከ ጥጉ አልደረሰም ነበር። ይባስ ብሎም ለመከላከል የመጡትን ነጭ የደም ሕዋሳት ይገድል ነበር። መፍትሔው ቁስሉን በሰፊው ከፍቶ፣ የሞተውን ጡንቻ ቆርጦ አውጥቶ፣ ቶሎ ሳይሰፉ አየር እንዲያገኝ መተው ሆነ። ዛሬም የጋዝ ጋንግሪን ሕክምና ፔኒሲሊንና ክሊንዳማይሲን ቢጨመርበትም መሠረቱ ይኸው ነው። በከፍተኛ ግፊት ኦክስጅን በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ሕመምተኛውን ማስገባት በአንዳንድ አገሮች ይሠራበታል፤ ቀዶ ሕክምናውን ግን አይተካም።

የቢላዋው ቀዳሚነት ምን ያህል እንደሆነ በቅርቡ ሌላ ማስረጃ ተገኝቶለታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት በሆዳቸው ውስጥ ኢንፌክሽን የነበረባቸውን 518 ሰዎች ለሁለት ከፈለ። የኢንፌክሽኑ ምንጭ በሚገባ ከተወገደላቸው በኋላ ግማሾቹ አንቲባዮቲክ ለ4 ቀን ያህል ብቻ ሲወስዱ፣ የቀሩት ምልክቱ እስኪጠፋ፣ በአማካይ ለ8 ቀን ያህል ወሰዱ። ውጤቱ በሁለቱም ወገን እኩል ነበር። መግሉ ከፈሰሰ በኋላ የመድኃኒቱ ቀን መርዘም የጨመረው ነገር አልነበረም።

ድዷ የዳነላት ሴት

ስለ መድኃኒቱ ስናነሣ ሜትሮኒዳዞልን የማያውቅ አንባቢ አይኖርም። ፍላጅል በሚለው የንግድ ስሙ በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው፣ በእኛ አገር የአሜባና የጃርዲያ መድኃኒት ተብሎ የሚታወቀው፣ ከዋጡት በኋላ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም የሚተወው ክኒን ነው። ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1953 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ስትሬፕቶማይሲስ ከተባለ የአፈር ባክቴሪያ አዞማይሲን የሚባል ውሁድ ባገኙ ጊዜ ነው። ሮን-ፑላንክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ኬሚስቶች ይህንን ውሁድ እየለዋወጡ ሜትሮኒዳዞልን ሠሩ። የታሰበው ለባክቴሪያ አልነበረም፤ ትሪኮሞናስ የተባለውን፣ በሴቶች ብልት ላይ ሕመም የሚያስከትለውን ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ለመግደል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1962 ሺን የተባለ እንግሊዛዊ የጥርስ ሐኪም አንድ ያልተጠበቀ ነገር በሕክምና መጽሔት ላይ ጻፈ። አንዲት ሴት ለትሪኮሞናስ በታዘዘላት ሜትሮኒዳዞል፣ በዚያው ጊዜ የነበረባት የሚደማና የሚቆስል የድድ ሕመም አብሮ ድኖ ነበር። የድድ ሕመሙን የሚያመጡት አናኤሮቦች ናቸው። ከትሪኮሞናስ ጋር በዝምድና እጅግ የተራራቁ ሲሆኑ የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ያለ ኦክስጅን መኖራቸው። በዚህ አጋጣሚ የአንዲት ሴት ድድ ለመላው ዓለም ቀዶ ሕክምና አዲስ መድኃኒት ጠቆመ።

አሠራሩ የሚደነቅ ነው። ሜትሮኒዳዞል ወደ ሕዋስ ሲገባ ገና መድኃኒት አይደለም፤ ያልተተኮሰ ጥይት ነው። በአናኤሮብ ውስጥ ግን ፈሬዶክሲን የሚባሉ ኤሌክትሮን አቀባይ ፕሮቲኖች አሉ፤ አናኤሮቡ ያለ ኦክስጅን ኃይል የሚያመነጨው በእነርሱ ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች ኤሌክትሮናቸውን ለሜትሮኒዳዞል ናይትሮ ክፍል ያቀብላሉ። ውሁዱ በዚያች ቅጽበት ወደ ኃይለኛ አጥፊነት ተለውጦ የባክቴሪያውን ዲ ኤን ኤ ይሰባብራል። ኦክስጅን ባለበት ሕዋስ ውስጥ ግን ይህች ኤሌክትሮን ብትሰጥ እንኳ ኦክስጅን ወዲያው ይነጥቃታል፤ መድኃኒቱም ወደ ቀድሞው መልኩ ይመለሳል። በእኛ ሕዋሳት ላይ ጉዳቱ የሚያንሰው፣ ኢ. ኮላይንም የማይገድለው ለዚህ ነው። ለአናኤሮቡ መሸሸጊያ የሆነችው የኦክስጅን እጦት ለመድኃኒቱ ደግሞ መቀስቀሻው ናት።

ጄንታማይሲን የዚህ ተቃራኒ ነው። ወደ ባክቴሪያው ውስጥ ለመግባት በመተንፈስ የሚገኝ ኃይል ያሻዋል። የማይተነፍስ አናኤሮብ በሩን አይከፍትለትም፤ ኦክስጅን ባለቀበት መግል ውስጥም ኢ. ኮላይን መግደል ይሳነዋል። እንግዲህ ወደ አይጦቹ ብንመለስ፣ ጄንታማይሲን የወሰዱት ለምን ከሞት ተርፈው መግል እንደቋጠሩ ግልጽ ይሆንልናል።

ሌሎችም መድኃኒቶች አሉ። ተራው ፔኒሲሊን ለብዙዎቹ የባክቴሮይዲስ ዝርያዎች አይሆንም፤ የሚቆርጠውን ኢንዛይም ያመነጫሉና። ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር የተጣመረ አሞክሲሲሊን ይህን ያልፋል። ሜሮፔኔምን የመሳሰሉት ለብርቱ ሕመም ይቀመጣሉ። ክሊንዳማይሲን በባክቴሮይዲስ እጅግ ስለተለመደ ዛሬ ለሆድ ውስጥ ኢንፌክሽን ብቻውን አይታመንበትም።

ከአፈር የሚመጣው

እስካሁን የተነጋገርነው በአመዛኙ ከራሳችን ገላ ስለሚነሡት ነው። ከውጭ የሚመጣው፣ በአገራችን መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው ቴታነስ ግን የተለየ ጠባይ አለው። ባክቴሪያው በአፈርና በእንስሳት ፍግ ውስጥ ስፖር ሆኖ ለዓመታት ይቆያል። የፈላ ውኃ አይገድለውም፤ በግፊት በ121 ዲግሪ ሴልሲየስ እንፋሎት መቀቀል ያሻዋል። ጀርመናዊው ኒኮላየር እ.ኤ.አ. በ1884 አፈርን ወደ እንስሳት በመውጋት በሽታውን አስነሣ፤ ባክቴሪያውን ግን ለይቶ ማሳደግ አልቻለም። ጃፓናዊው ኪታሳቶ ከአምስት ዓመት በኋላ ድብልቁን በማሞቅ ሌሎቹን ገድሎ፣ የተረፈውን ስፖር በሃይድሮጅን ውስጥ አሳደገው።

ይህ ባክቴሪያ በቁስሉ ላይ ይህ ነው የሚባል ጥፋት አያደርስም። እዚያው አየር በሌለባት ጥግ ተቀምጦ መርዙን ይልካል። መርዙ በነርቭ ተሳቦ ወደ ሕብለ ሰረሰር ይወጣና የጡንቻን መኮማተር የሚገቱትን ነርቮች ልሳን ይዘጋል። ፍሬኑ የተበጠሰ ጡንቻ መንጋጋን ይቆልፋል፣ ጀርባን ያጎብጣል፣ በመጨረሻም ትንፋሽን ያግዳል። ሕክምናው ቁስሉን ማጽዳትን፣ በደም ውስጥ ያለውን መርዝ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል መስጠትን፣ ሜትሮኒዳዞልን፣ ጡንቻ የሚያላሉ መድኃኒቶችንና አስፈላጊ ሲሆን የመተንፈሻ መሣሪያን ያጠቃልላል። ነርቭ ውስጥ የገባውን መርዝ ግን ማንም አያወጣውም፤ ነርቩ እስኪያገግም ሳምንታት መጠበቅ ግድ ነው። መርዙ እጅግ ኃይለኛ በመሆኑ ገዳይ የሆነው መጠን እንኳ የገላን የመከላከያ ኃይል ለማንቃት አይበቃም። ስለዚህ ከበሽታው የዳነ ሰውም ክትባት መውሰድ ይኖርበታል።

እትብቱ ባልጸዳ ምላጭ የተቆረጠ፣ ወይም በቁስሉ ላይ ቅቤ ወይም እበት የተደረገበት ጨቅላ የዚህ በሽታ ዋና ሰለባ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ1988 በዓለም ላይ 787,000 ጨቅላዎች በመንጋጋ ቆልፍ ሞተዋል፤ በ2018 ቁጥሩ ወደ 25,000 ወርዷል። ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላዎችን መንጋጋ ቆልፍ ማስወገዷ የተረጋገጠላት እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ማስወገድ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ልዩ ትርጉም አለው፤ በየወረዳው በዓመት ከ1,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት መካከል የሚታመሙት ከአንድ በታች መሆናቸውን ያመለክታል። ስፖሩ ዛሬም በአፈሩ ውስጥ ስለሆነ የነፍሰ ጡሮች ክትባት በተቋረጠበት በሽታው ይመለሳል።

የድሆች ልጆች ቁስል

ሺን ያየው የድድ ሕመም በጠገበ ሰው ላይ ሲደርስ ያምማል፣ ይደማል፣ ይድናል። ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ባለ፣ በረኃብ የተጎዳ፣ በቅርቡ ኩፍኝ በያዘው ሕፃን ላይ ሲደርስ ግን ኖማ ወደሚባለው ሊሻገር ይችላል። ከድድ የጀመረው ቁስል በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉንጭን፣ ከንፈርንና አጥንትን ይበላል። ፉሶባክቴሪየምና ፕሬቮቴላ የተባሉ አናኤሮቦች ከቁስሉ ይገኛሉ። ካልታከመ እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ይሞታሉ፤ የተረፉትም ፊታቸው ተበልቶ፣ መንጋጋቸው ተጣብቆ፣ ከሰው ተሸሽገው ይኖራሉ። አውሮፓ ይህን በሽታ ኑሮዋ ሲሻሻል ረስታው ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በናዚዎች የማጎሪያ ካምፖች ውስጥ ረኃቡ ሲመለስ በሽታውም ተመልሶ ታየ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካ ገጠሮች ዛሬም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በተዘነጉ የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ ውስጥ ያስገባው በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2023 ነው።

የሚያስቆጨው ገና ድድ ላይ ሳለ የሚቆም መሆኑ ነው። አሞክሲሲሊንና ሜትሮኒዳዞል፣ የአፍ ማጠቢያና በቂ ምግብ ይበቁታል። እነዚህ ሁሉ በጤና ጣቢያ ሊገኙ የሚችሉ ናቸው። የሚጎድለው የመጀመሪያዋን የድድ ቁስል አይቶ የሚያውቃት ዓይን ነው።

ያለ ቦታው የተዋጠ ክኒን

ይህ መድኃኒት ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ መሆኑ ሌላ መዘዝ አለው። ሆድ በጮኸ ቁጥር ያለ ምርመራ ፍላጅል መዋጥ በመካከላችን የተለመደ ነው። ሜትሮኒዳዞል ጓደኛና ጠላት አይለይም፤ በአንጀት ውስጥ የሚኖሩትን ጠቃሚ አናኤሮቦችም ይገድላል። አንዳንድ የባክቴሮይዲስ ዝርያዎች ደግሞ ኒም የሚባሉ ጂኖች አሏቸው፤ በእነርሱ አማካይነት የመድኃኒቱን ናይትሮ ክፍል ጉዳት ወደማያደርስ ውሁድ ይለውጡታል፤ ጥይቱን ሳይተኮስ ያረጥቡታል እንደ ማለት ነው። ከመድኃኒቱ ጋር ጠላም ሆነ ጠጅ አይጠጣ የሚለው የቆየ ማስጠንቀቂያ መሠረቱ ደካማ እንደሆነ የቅርብ ጊዜ ግምገማዎች ያመለክታሉ፤ መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ መውሰድ የእጅና የእግር ነርቭን እንደሚጎዳ ግን የታወቀ ነው።

አንቲባዮቲክ የአንጀትን ነዋሪዎች ሲያራቁት ባዶውን ሜዳ የሚወርሰው ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲሌ የተባለ ሌላ አናኤሮብ አለ። ብርቱ ተቅማጥ ያስከትላል፤ ይገድላልም። ከአንቲባዮቲክ ጋር ያለው ግንኙነት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ሜትሮኒዳዞል ለረጅም ዘመን ዋና መድኃኒቱ ነበር፤ አሁን በቫንኮማይሲንና በፊዳክሶማይሲን ተቀድሟል። በሽታው ለሚመላለስባቸው ደግሞ ከጤነኛ ሰው ዓይነ ምድር የተወሰደ ባክቴሪያ ወደ አንጀታቸው መስጠት ከመድኃኒት ይልቅ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ የኔዘርላንድ ጥናት ከ16 ሕመምተኞች 13ቱ በአንድ ጊዜ ሕክምና ሲድኑ፣ ቫንኮማይሲን ብቻ ከወሰዱት 13 የዳኑት 4 ናቸው። ነገሩ ቢያስቀይምም አመክንዮው ቀላል ነው፤ የተፈናቀሉት ነዋሪዎች ወደ ቀዬአቸው ተመለሱ።

ወደ ባዶው ሳህን እንመለስ

በመግቢያው ላይ ያየነው ናሙና ባክቴሪያውን እንዲያሳይ ምን መደረግ ነበረበት? መግሉ በጥጥ ሳይሆን በስሪንጅ ይሳባል፤ በስሪንጁ ውስጥ ያለው አየር ይወጣል፤ ጫፉ ተደፍኖ ሳይዘገይ ላቦራቶሪ ይደርሳል። ሳህኑ የሚቀመጠው በታሸገ ማሰሮ መሰል ዕቃ ውስጥ ነው። ብዙ ተማሪዎች በዕቃው ውስጥ ሻማ ለኩሶ መክደን ኦክስጅኑን የሚጨርሰው ይመስላቸዋል። ሻማው የሚጠፋው ግን ከ21 በመቶው ኦክስጅን 16 በመቶ ገደማ ገና ሳለ ስለሆነ ለአናኤሮብ አይረባም። በተገቢው ዕቃ ውስጥ ሃይድሮጅን ይለቀቅና ፓላዲየም በተባለው ብረት አማካይነት ከኦክስጅኑ ጋር ተዋሕዶ ውኃ ይሆናል። ሜታይሊን ብሉ የተነከረ ቁራጭ ወረቀት አብሮ ይገባል፤ ሰማያዊነቱ ሲጠፋ ኦክስጅን አልቋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለ48 ሰዓት ዕቃውን አለመክፈት ነው፤ ለማየት የቸኮለ ሰው ክዳኑን አንሥቶ ሁሉንም ይገድላል። ሳህኑ ከመግባቱ በፊት 5 ማይክሮግራም ሜትሮኒዳዞል ያለባት ትንሽ ክብ ወረቀት በላዩ ላይ ትቀመጣለች። በሁለተኛው ቀን ማታ ሲከፈት ሳህኑን የሸፈነው ባክቴሪያ በዚያች ወረቀት ዙሪያ ብቻ ጠርቶ፣ ንጹሕ ክብ ቀለበት ከታየ በመግሉ ውስጥ የነበረው ማን እንደሆነ ይገመታል።